ውለታና ደመወዝ፦ ስለ አንጋፋ ከዋክብት ውል ማደስ

የውድድሩ ዘመን ወደ ፍጻሜው በተቃረበ ቍጥር በየዓመቱ ሳያሰልስ የሚመለስ አንድ ክርክር አለ። ዕድሜው ከሠላሳ የዘለለ፣ ገድሉ በክለቡ መዛግብት በወርቅ ቀለም የተጻፈ አንድ ታላቅ ተጫዋች ውሉ ሊፈጸም ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ደጋፊው በሁለት ይከፈልና፣ አንዱ ወገን «ይህን ሁሉ ዋንጫ ያስገኘ ሰው የጠየቀው ሊነፈገው አይገባም» ሲል፣ ሌላው ወገን «እግሩ ዝሏልና በክብር ይሸኝ» ይላል፤ በመካከሉም የክለቡ ሒሳብ ሹም፣ ማንም ሳይሰማው፣ የደመወዙን ጣሪያ እያሰላ ይቀመጣል። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር አሳቤን እንድገልጽ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ ነገሩ በአጭር ጽሑፍ የሚያልቅ ባይሆንም፣ የሚቻለኝን ያህል ዘርዝሬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። ውለታ ላለፈው ዘመን የሚመለስ ዕዳ ነው፤ ደመወዝ ግን ለሚመጣው ዘመን ሥራ የሚቈረጥ ዋጋ ነው። ክለብ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ውል ውስጥ ቀላቅሎ ሲፈርም፣ የትናንቱን ምስጋና በነገው ገንዘብ መክፈል ይጀምራል፤ ያን ጊዜም ጕዳቱ የሚመጣው ከደመወዙ ብዛት ይልቅ ከዓመቶቹ ርዝመት ነው። ይህንን ለማስረዳት በመጀመሪያ የባርሴሎናን ታሪክ እወስዳለሁ፤ የደመወዝ ጣሪያና የታላቅ ተጫዋች ፍቅር ፊት ለፊት የተጋጠሙበት፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ታሪክ አላውቅምና። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ፣ የኢትዮጵያ መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የእስፓኝ ሊግ፣ ላሊጋ፣ ከ2013 ጀምሮ በዘረጋው የገንዘብ ቍጥጥር ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ክለብ ለቡድኑ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ አስቀድሞ ይወሰንለታል። ይህም ልክ የሚገኘው ክለቡ በዓመቱ ያገኘዋል ተብሎ ከሚታሰበው ገቢ ላይ፣ ከቡድኑ ውጭ ያለው ልዩ ልዩ ወጪና በዚያው ዓመት መከፈል ያለበት ዕዳ ተቀንሶ ነው። በጣሪያው ሥር የሚቈጠረውም የተጫዋቾች ደመወዝ ብቻ ሳይሆን፣ የአሠልጣኞች ደመወዝና ለዝውውር የተከፈለው ዋጋ በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ ለዚያ ዓመት የሚደርሰው ድርሻ ጭምር ነው። የዚህ ሥርዓት ብርታት የሚታወቀው ቅጣቱ ከጥፋቱ በፊት በመምጣቱ ነው፤ የአንዳንድ ሌሎች አገሮች ሕግ ክለቡ ከከሰረ በኋላ ነጥብ ሲቀንስ ወይም የገንዘብ መቀጮ ሲጥል፣ የእስፓኝ ሕግ ግን ተጫዋቹ ከናካቴው እንዳይመዘገብ በር ይዘጋል።

ባርሴሎና በ2019/20 የውድድር ዘመን የነበረው ጣሪያ 671 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ሲሆን፣ በዓለም ላይ የወረደው ወረርሽኝ የሜዳውን የካምፕ ኑን በሮች በዘጋ ጊዜ፣ ቀድሞ በዕዳና በደመወዝ የተወጠረው ክለብ የገቢው ምንጭ ስለ ደረቀበት፣ በተከታዩ ዓመት ጣሪያው ወደ 382 ሚሊዮን፣ በ2021/22 ደግሞ ወደ 98 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወረደ፤ በዚያው ዘመን አጋማሽ ላይ በታወጀው ሒሳብም ከዜሮ በታች 144 ሚሊዮን ሆነ። ከዜሮ በታች የሆነ ጣሪያ ማለት ክለቡ ባዶ ሜዳ ቢያሰልፍ እንኳ ገና ዕዳ አለበት እንደ ማለት ነው። ከጣሪያው ላይ ያለፈ ክለብም በጊዜው በነበረው ደንብ መሠረት፣ ከቈጠበው 4 ዩሮ 1 ዩሮውን ብቻ ለአዲስ ተጫዋች ማዋል ይፈቀድለት ነበር።

ሊዮኔል ሜሲ ውሉ የተፈጸመው በዚህ ጊዜ፣ ጁን 30 ቀን 2021 ነው። በ13 ዓመቱ ከሮዛሪዮ መጥቶ፣ በ778 ጨዋታዎች 672 ግብ ያስቈጠረው ይህ ሰው 34 ዓመት ሞልቶት ነበር። ደመወዙን በግማሽ ለመቀነስ ፈቀደ፤ የሁለት ዓመቱ ክፍያም በ5 ዓመት እንዲከፋፈል ከፕሬዚዳንቱ ከዡዋን ላፖርታ ጋር ተስማማ። ይሁን እንጂ ኦገስት 5 ቀን ክለቡ ውሉን መመዝገብ እንደማይችል አስታወቀ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሜሲ በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ ተሰናበተ። ላፖርታ እንደ ገለጸው፣ ሜሲ ቢቈይ የደመወዙ ወጪ ከክለቡ ገቢ 110 በመቶ ይሆን ነበር፤ ያለ ሜሲም 95 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ይበል፤ አንድ ሰው ደመወዙን በግማሽ ቀንሶ፣ ሄዶም እንኳ፣ ክለቡ ከገቢው ከመቶ እጅ ዘጠና አምስቱን ለደመወዝ የሚያወጣ ከሆነ፣ በሽታው ከዚያ ሰው ውል ሌላ ሥር አለው ማለት ነው።

ሥሩን ለማግኘት አሥር ወር ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ኦክቶበር 20 ቀን 2020፣ የያኔው ፕሬዚዳንት ጆሴፕ ማሪያ ባርቶሜው ሥልጣኑን ሊለቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ክለቡ የጄራርድ ፒኬን፣ የማርክ አንድሬ ቴር ስቴገንን፣ የፍሬንኪ ዴ ዮንግንና የክሌማን ሎንግሌን ውል በአንድ ቀን ማደሱን አበሠረ። የነዚህ ውሎች ምሥጢር፣ ተጫዋቾቹ በዚያ ዓመት የሚከፈላቸው ደመወዝ እንዲቀነስና የተቀነሰው ወደ መጪዎቹ ዓመታት እንዲሸጋገር መደረጉ ነበር። ፒኬ በዚያ ቀን 33 ዓመቱ ሲሆን ውሉ እስከ 2024፣ ማለትም እስከ 37 ዓመቱ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ የዓመቱ ሒሳብ ቀለለ፤ በዐይነ ኅሊና ለሚመለከተው ግን የቀለለ ነገር አልነበረም፤ ሸክሙ ካሉት ሹማምንት ትከሻ ወርዶ ገና በሚመጡት ትከሻ ላይ ተጫነ። ውል ማደስ ዕዳን ማሻገሪያ መሣሪያ ሲሆን እንዲህ ነው፤ የሚፈርመው ሹም የሚመሰገንበት ቀንና የሚከፈልበት ቀን ስለሚለያዩ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰው አይገኝም።

ይህን ስል ፒኬን ለመውቀስ አይደለም። በኦገስት 2021፣ ሜሲ ከሄደ በኋላ፣ ደመወዙን ቈርጦ ሜምፊስ ዴፓይና ኤሪክ ጋርሲያ እንዲመዘገቡ ያስቻለው እርሱ ነው፤ በዚያው ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታ ላይም በሬያል ሶሲዬዳድ ላይ የመጀመሪያዋን ግብ በራሱ አስቈጠረ። ሰርሂዮ ቡስኬትስና ዦርዲ አልባም ተከትለው ደመወዛቸውን ቀነሱ፤ ያን ጊዜ ሰርሂዮ አጉዌሮ ተመዘገበ። ነገር ግን ደመወዝ መቀነስ የተጫዋቹ ቸርነት እንጂ የክለቡ መብት አይደለም፤ አንድ ቤት በአገልጋዮቹ ትሩፋት ካልሆነ በቀር የማይቆም ከሆነ፣ መጋቢው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ፒኬ ራሱ በኖቬምበር 2022 ጫማውን ሰቀለ፤ አልባም በ2023 ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው ተሰናበተ። ሁለቱም የውላቸውን መጨረሻ ሜዳ ላይ አላዩትም።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ፤ ምክንያቱም ብዙ ደጋፊ ሳያስተውለው የሚቀር አንድ ነገር አለና። አንድ ክለብ ተጫዋችን በ60 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቶ ለ5 ዓመት ቢያስፈርመው፣ በመዝገቡ ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ይጻፍበታል። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀረው 24 ሚሊዮን ነው፤ በዚህ ጊዜ ውሉ በሁለት ዓመት ቢራዘም፣ 24ቱ ሚሊዮን ለአራት ዓመት ስለሚከፋፈል የየዓመቱ ድርሻ ወደ 6 ሚሊዮን ይወርዳል። ስለዚህ ደመወዙን 6 ሚሊዮን ቢጨምርለት እንኳ የዓመቱ ሒሳብ አይናወጥም። ውል ማደስ ሹማምንትን የሚያባብለውም ስለዚህ ነው፤ ጭማሪውን ሰጥተው ምንም እንዳልሰጡ ሆነው መታየት ይችላሉ።

ነገር ግን ይህ ጥበብ ለአንጋፋው ተጫዋች አይሠራም። እንደ ሜሲ በክለቡ ቤት ያደገ ሰው የዝውውር ዋጋ ስላልተከፈለበት የሚከፋፈል ነገር የለውም፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛውም ዋጋው በመዝገብ ላይ ተፍቆ አልቋል። እንግዲህ ለእነርሱ የሚታደሰው ውል ያለ ምንም መጋረጃ ሙሉ ደመወዝ ነው። ከዚህም በላይ የ23 ዓመት ወጣት ውሉ ቢረዝም፣ ቢከፋ ቢከፋ ተሽጦ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል፤ የ35 ዓመት ሰው ግን በሦስተኛው ዓመት ላይ ማንም በዚያ ደመወዝ አይገዛውም፤ ያ ሦስተኛ ዓመት ደግሞ ሌላ ወጣት የማይመዘገብበት ዓመት ይሆናል። የደመወዝ ጣሪያ ያለበት ክለብ ለአንዱ የሰጠውን ከሌላው ነሥቶ ነውና።

«ታዲያ ማን መቼ እንደሚደክም በምን ይታወቃል?» ትሉኝ ይሆናል። አይታወቅም፤ አጭር ውል የሚያስፈልገውም ስለማይታወቅ ነው። የተፈጥሮ ሕግ ለማንም ባያዳላም ለሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም። ግብ ጠባቂና በእግሩ ከሚሮጠው ይልቅ በዐይኑ የሚያስብ አማካይ ረጅም ጊዜ ይዘልቃሉ፤ በፍጥነቱ የሚኖር የክንፍ አጥቂ ግን አንድ ርምጃ ሲቀነስበት ሁሉ ነገር ይቀነስበታል። ፒየር ኤመሪክ ኦባሜያንግ በኦገስት 2020 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ቼልሲ ላይ የአርሰናልን ሁለቱንም ግቦች አስቈጥሮ ዋንጫውን ካስገኘ በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ በ31 ዓመቱ፣ የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። በዚያ ሰዓት «አይፈረምለት» የሚል ደጋፊ ቢገኝ እንደ መናፍቅ በተቈጠረ ነበር። ካለፈው ዘመን 22 የሊግ ግቦች በኋላ ግን በተከታዩ ዘመን ያስቈጠረው 10 ብቻ ሆነ፤ በዲሴምበር 2021 አምበልነቱን ተነጠቀ፤ በፌብሩዋሪ 2022 ውሉ ፈርሶ በነጻ ሄደ። የነገሩ አስገራሚነት ግን እዚህ አያበቃም፤ በባርሴሎና በዚያው ግማሽ ዘመን 11 የሊግ ግብ አስቈጠረ። እግሩ አልሞተም ነበር፤ ቦታው ነው ያልሆነው። እንግዲህ ለሦስት ዓመት የፈረመ ክለብ የሚተነብየው የተጫዋቹን ጕልበት ብቻ አይደለም፤ የአሠልጣኙን አሳብ፣ የመልበሻ ክፍሉን ሰላምና የራሱን ትዕግሥት ጭምር ነው።

በዚህ ነገር ጽኑ ደንብ አቁሞ የቈየው ሬያል ማድሪድ ነው። በፕሬዚዳንቱ በፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ዘመን ልማዱ፣ ከሠላሳ ያለፈ ተጫዋች በሚያረጅበት ጊዜ ውሉ አንድ አንድ ዓመት እየተባለ እንዲታደስ ነው። ሉካ ሞድሪች ይህን ተቀብሎ በየዓመቱ እየፈረመ በ39 ዓመቱ፣ በ2025፣ 28 ዋንጫ ይዞ ወጣ። ሰርሂዮ ራሞስ ግን በ2021 ሁለት ዓመት ጠየቀ፤ ክለቡ አንድ ዓመት ከደመወዝ ቅነሳ ጋር አቀረበ፤ ኋላም ራሞስ እቀበላለሁ ባለ ጊዜ የቀረበው ጊዜ አልፎበታል ተባለ። 16 ዘመን አገልግሎ፣ 22 ዋንጫ ያነሣው አምበል በዚህ ሁኔታ ተሰናበተ። ወደ ፓሪስ ሄዶም ሁለት ዓመት ፈረመ፤ የመጀመሪያውን ዘመን አብዛኛውን በጕዳት ከሜዳ ርቆ አሳለፈው፤ ማድሪድ ደግሞ በዚያው ዘመን ላሊጋንና የቻምፒየንስ ሊጉን አነሣ። በሒሳብ ዳኝነት ብንፈርድ ክለቡ ረታ፤ በፍትሕ ርትዕ ብንመዝን ግን፣ የአንድ ዓመቱ ደንብ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የስንብቱ ሥርዓት ለዚያ ሰው የሚገባው አልነበረም ማለት እንችላለን። ደንቡና ክብሩ ሁለት ነገሮች ናቸው የምለውም ስለዚህ ነው።

የተጫዋቹንም ወገን መስማት ይገባል። እግር ኳስ ተጫዋች በ35 ዓመቱ ገደማ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ነው፤ አንድ የጕልበት ጅማት ቢበጠስ ያ አንድ ዓመቱ በሕክምና ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስግብግብነት አይደለም፤ ዋስትና ነው። ስለዚህ ጥሩ ውል ማለት አደጋውን በሁለቱ ወገን ላይ የሚያካፍል ነው። አደጋውን ከሚያካፍሉት መንገዶች አንዱ፣ በብዙ ክለብ የሚሠራበት፣ ተጫዋቹ በዘመኑ የተወሰነ ያህል ጨዋታ ከተሰለፈ ውሉ በራሱ ለአንድ ዓመት እንዲራዘም የሚያደርግ አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ እግሩ ያልከዳው ሰው ዋስትናውን በራሱ ላብ ያገኛል፤ የከዳውም ክለቡን አያሥርም። ሊቨርፑል በኤፕሪል 2025 ለ32 ዓመቱ መሐመድ ሳላህና ለ33 ዓመቱ ቨርጂል ቫን ዳይክ ሁለት ሁለት ዓመት ሲሰጥ የመረጠው መካከለኛ መንገድ ነበር፤ ሳላህ በዚያ ዘመን በሊጉ 29 ግብ አስቈጥሮ 18 ግብ የሚሆን ኳስ ስላቀበለ፣ የሁለት ዓመቱ ውል ለትናንቱ ገድል ብቻ ተሰጠ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሦስት ወይም አራት ዓመት አልሆነም።

ክብርን በተመለከተ የባየርን ሙኒክና የቶማስ ሙለር ታሪክ ሊጠና ይገባዋል። በ2025 የጸደይ ወራት ክለቡ ለ35 ዓመቱ ሙለር አዲስ ውል እንደማይሰጠው አስታወቀ፤ እርሱም ይህ የራሱ ፈቃድ እንዳልነበረ ሳይደብቅ ተናገረ። ነገሩ መራራ ነበር። ዳሩ ግን የውድድሩ ዘመን ከማለቁ በፊት ስለ ተነገረ፣ በሕፃንነቱ ከገባበትና 25 ዓመት ከኖረበት ቤት፣ በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት፣ 13ኛውን የቡንደስሊጋ ዋንጫውን አንሥቶ ለመሰናበት ጊዜ አገኘ። የውል ወረቀት የገድል መጽሐፍ አይደለምና፣ ውለታ በስንብት ጨዋታ፣ በኋላም በክለቡ ውስጥ በሚሰጥ የሥራ ቦታ፣ በስምና በመታሰቢያ ሊከፈል ይችላል፤ ከነዚህ አንዳቸውም የደመወዙን ጣሪያ እንደ ተጫዋች ውል አይጫኑትም።

ይህ ጥያቄ ከእንግዲህ የእስፓኝ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዩኤፋ፣ በ2022 ባጸደቀው ደንብ በውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች ለተጫዋቾችና ለአሠልጣኞች ደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪሎች የሚያወጡት ከገቢያቸው በ2023/24 ከ90፣ በተከታዩ ከ80፣ ከ2025/26 ጀምሮም ከ70 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም ከ2026/27 የሚጀምር የ85 በመቶ ወሰን በድምፅ አጽድቀዋል። እንግዲህ ትላንት «ሀብታም ነን፣ እንከፍላለን» ይል የነበረ ክለብ ሁሉ፣ ነገ ለአንጋፋው የሚሰጠውን ዓመት ከወጣቱ ላይ እየቈረጠ የሚሰጥ ይሆናል።

በአገራችንም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከክለቦች ጋር ተስማምቶ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ መወሰኑን ታስታውሳላችሁ። ግን ልዩነቱን አስተውሉ። የእኛው ጣሪያ የተጣለው በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ ነበር፤ የላሊጋው ጣሪያ የሚጣለው በመላው ቡድን ላይ ነው። በሰው ራስ ላይ ጣሪያ ሲጣል አንጋፋውና ወጣቱ በአንድ ወለል ይቆማሉ፤ ክለቡም ከማን ቀንሼ ለማን ልስጥ ብሎ ማሰብ አይገደድም። በቡድን ላይ ሲጣል ግን ክለቡ ለሚወደው ብዙ ለመስጠት ነጻ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ሌላውን ማጣት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሹማምንትን እያንዳንዱን ዓመት መዝነው እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ሐተታ በኋላ፣ አንድ ክለብ ለአንጋፋ ኮከቡ ውል ሊያድስ ሲቀርብ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ቢመረምር እላለሁ። አንደኛ፣ በውሉ የመጨረሻ ዓመት ላይ፣ ይህ ሰው ቢቀመጥና ባይጫወት፣ ደመወዙ ስንት ወጣት እንዳይመዘገብ ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ከደመወዙ ወደ ፊት የተሻገረ አለን? ካለ፣ የሚከፍለው ማን ነው፣ ዛሬ የሚፈርመው ሹም ያን ጊዜ በመንበሩ ይኖራልን? ሦስተኛ፣ ክብሩ በምን ይገለጣል፣ ስንብቱስ መቼ ይነገረዋል? የመጀመሪያውን መልስ ሒሳብ ሹሙ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን የክለቡ አባላት በምርጫ ቀን ሊጠይቁት ይገባል፤ ሦስተኛውን ግን እኛ ደጋፊዎች ልንጠይቅ እንችላለን፤ ብዙውን ጊዜም የምንጮኸው ስለ እርሱ ነው፣ ምንም እንኳ ስለ ገንዘቡ የምንጮኽ ቢመስለንም።

ስለዚህ በሚመጣው የዝውውር መስኮት «እገሌን በአንድ ዓመት ውል አዋረዱት» የሚል ዜና ስታነቡ፣ ደመወዙን ከመቍጠራችሁ በፊት ዓመቶቹን ቍጠሩ። አንድ ዓመት፣ ከተሰለፈ የሚራዘም፣ ከክብር ጋር፤ እኔ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው። በመጨረሻም ወደ ተነሣሁበት ታሪክ ልመለስ፤ ላፖርታ በ2021 ላሊጋ ሲቪሲ ከተባለው የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ጋር የተስማማበትን ገንዘብ ለሜሲ ብሎ እንዳይቀበል ያደረገው አንዱ ምክንያት፣ የክለቡን የቴሌቪዥን ገቢ ድርሻ ለ50 ዓመት አሳልፎ የሚያስይዝ መሆኑ ነበር። ሜሲን በማጣቱ ብዙ ተወቀሰ፤ በኋላም እርሱ ራሱ ከመጪዎቹ ዓመታት የቴሌቪዥን ገቢ ከፊሉን ለ25 ዓመት መሸጡ አልቀረም። ነገር ግን በዚያች በኦገስት ቀን፣ ለአንድ ሰው ሁለት ተጨማሪ ዘመናት ሲባል ገና ያልተወለዱ ደጋፊዎችን ገቢ አላስይዝም ማለቱ፣ እጅግ ከባድና እጅግ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ። የምትቃወሙኝ ካላችሁ ከነምክንያታችሁ ጻፉ፤ ስድብ ካልሆነ በቀር ሁሉንም አነባለሁ።